ዕይታው የደከመ ሰው የሚያነበው ድረ ገጽ እንዴት ይሠራል?

ወልድያ ላይ ትምህርት ቤት፣ መርሳ ላይ ክሊኒክ፣ ሐራ ላይ የእህል መጋዘን ይኑርዎት፤ ወይም በሀብሩ ወረዳ አንድ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ማስታወቂያ የሚለጥፉ ባለሙያ ይሁኑ። ድረ ገጽ ካለዎት፣ ከሚጎበኙት ሰዎች መካከል ፊደሉ የሚደበዝዝበት ወይም ጭራሽ የማይታየው አለ። ይህ ሰው የምዝገባውን ቀን ወይም የማሽላውን ዋጋ ለማወቅ ስልኩን ለሌላ ሰው አቀብሎ «እስኪ አንብብልኝ» ማለት የለበትም።

እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ ኢትዮጵያውያን 1.6ቱ ዓይነ ስውራን፣ 3.7ቱ ደግሞ ዝቅተኛ ዕይታ ያላቸው መሆናቸውን አሳይቷል። ከዓይነ ስውርነት ምክንያቶች ግማሽ ያህሉን የያዘው የዓይን ሞራ ሲሆን፣ ትራኮማ የተወው የዓይን ጠባሳ ይከተለዋል። ቁጥሩን ልብ ይበሉት፤ ጥቂት የሚያዩት ምንም ከማያዩት ከእጥፍ በላይ ናቸው። ስለዚህ ገጽዎ ሁለት ዓይነት አንባቢ አለው ማለት ነው። አንዱ ፊደሉን አጉልቶ በዓይኑ የሚያነብ፣ ሌላው ስልኩን እያስነበበ በጆሮው የሚከታተል ነው።

ለእነዚህ አንባቢዎች «ልዩ ገጽ» ለብቻ መሥራት አያስፈልግም፤ ባይሠራም ይሻላል። ልዩ ገጽ በመጀመሪያው ሳምንት ይወደሳል፣ ከዚያ አዳዲሱ ማስታወቂያ ዋናው ገጽ ላይ ብቻ ይወጣና ልዩው አሮጌ ይሆናል። የሚያስፈልገው ያለዎትን አንድ ገጽ ማስተካከል ነው። የሚያነበው ሰው እርዳታ ጠባቂ ብቻ እንደሆነም አያስቡ። አማራ ሳይንት፣ ወሎ ውስጥ ተወልዳ በ5 ዓመቷ ዕይታዋን ያጣችው የትነበርሽ ንጉሤ የሕግ ባለሙያ ሆና እ.ኤ.አ. በ2017 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀብላለች። ገጽዎን የሚከፍተው ደንበኛ፣ የተማሪ ወላጅ፣ ሥራ አመልካች ወይም ጠበቃ ሊሆን ይችላል።

ከመጀመርዎ በፊት የሚያስፈልግዎት

ገንዘብ የሚጠይቅ ፕሮግራም የለም። የሚከተሉትን ያዘጋጁ፦

- የገጽዎን ይዘት ማስተካከል የሚያስችል የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃል። ገጹን ሌላ ሰው ከሠራልዎት ይህን ጽሑፍ ይዘው አብረውት ይቀመጡ።
- አንድ አንድሮይድ ስልክ። «ቶክባክ» የተባለው ስክሪን ሪደር፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም፣ በአብዛኞቹ አንድሮይድ ስልኮች ውስጥ አለ። አማርኛ እንዲናገር ግን የአማርኛ ድምፅ ይፈልጋል። «ኢስፒክ ኤንጂ» የተባለው ነጻ መተግበሪያ አማርኛ ያውቃል። ድምፁ የማሽን ድምፅ ነው፤ ለሙከራ ግን ይበቃል።
- ኮምፒውተር ካለዎት «ኤንቪዲኤ» የተባለው ነጻ ስክሪን ሪደር። በተጨማሪም የማይክሮሶፍት ኤጅ ብራውዘር ገጹን ጮክ ብሎ የሚያነብበት «ሪድ አላውድ» የተባለ አገልግሎት አለው። መቅደስና አምሃ የተሰኙ ሁለት ጥሩ የአማርኛ ድምፆች አሉት፤ ኢንተርኔት ግን ይፈልጋሉ።
- የቀለም ንፅፅር መለኪያ። «ዌብኤይም» የተባለው ድርጅት በነጻ የሚያቀርበው መለኪያ የሁለት ቀለሞችን ልዩነት በቁጥር ይነግርዎታል።

ደረጃ 1፦ ጽሑፉ በእርግጥ ጽሑፍ መሆኑን ያረጋግጡ

ከሁሉ የሚቀድመው ይህ ነው፤ ይህ ካልተስተካከለ ሌላው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው። እኛ ዘንድ ማስታወቂያ የሚወጣበት መንገድ የታወቀ ነው። ደብዳቤው ይታተማል፣ ይፈረማል፣ ማኅተም ይረገጥበታል፤ ከዚያ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ይለጠፋል። ለሚያይ ሰው ደብዳቤ ነው። ለስክሪን ሪደር ግን ምንም ፊደል የሌለበት ሥዕል ስለሆነ «ምስል» ብሎ ያልፈዋል። አጉልቶ የሚያነበውም አይጠቀምም፤ ፎቶ ሲጎላ ፊደሉ ይፈርሳል።

ሁለት ፈተናዎችን ያድርጉ። በመጀመሪያ ገጹን በስልክ ከፍተው ጣትዎን አንድ ቃል ላይ ጫን አድርገው ያቆዩ። ቃሉ ከተመረጠ ጽሑፍ ነው፤ ካልተመረጠ ሥዕል ሳይሆን አይቀርም። ቀጥለው የተመረጠውን ቀድተው ባዶ ማስታወሻ ወይም የቴሌግራም መልእክት መጻፊያ ላይ ይለጥፉት። አማርኛው አማርኛ ሆኖ ከወጣ ደህና ነው። የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ከሆነ ግን ጽሑፉ በድሮ ፎንት የተጻፈ ነው። የድሮዎቹ ፎንቶች የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ ስለሚያስቀምጡ፣ ስክሪን ሪደሩ የሚያነበው ከሥር ያለውን የላቲን ዝብርቅ ነው። መፍትሔው በዩኒኮድ እንደገና መጻፍ ወይም መቀየር ነው።

መተየቡ ከከበደዎት «ጂቦርድ» የተባለው የስልክ መጻፊያ ሰሌዳ አማርኛን በድምፅ ተቀብሎ ይጽፋል። ደብዳቤውን እያነበቡ ያስጽፉት፤ ከዚያ ስሞችን፣ ቀኖችንና ቁጥሮችን አንድ በአንድ ያርሙ። ማኅተም ያለበት ቅጂ የግድ መውጣት ካለበት ይውጣ፤ ነገር ግን ሙሉ ጽሑፉ ከላይ፣ ፎቶው ከሥር ይሁን።

*የተለመደ ስሕተት፦* ፎቶውን «ፒዲኤፍ» አድርጎ መለጠፍና ተስተካከለ ማለት። ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ያው ሥዕል ነው። ፒዲኤፍ ካስፈለገ ደብዳቤውን ከጻፉበት ከማይክሮሶፍት ወርድ በቀጥታ «ሴቭ አዝ» ብለው ያውጡት፤ ርእሶቹንም በወርዱ የ«ሄዲንግ» ስታይል ይሥሯቸው።

ደረጃ 2፦ የገጹን ቋንቋ «አማርኛ» ብለው ያስመዝግቡ

እያንዳንዱ ድረ ገጽ ከጀርባው ቋንቋውን የሚናገር አንድ መስመር ሊኖረው ይገባል። የገጽ መሥሪያዎች ብዙውን ጊዜ ይህን እንግሊዝኛ ብለው ይተዉታል። ለዓይን ምንም ለውጥ የለውም። ስክሪን ሪደር ግን የትኛውን ድምፅ እንደሚጠቀም የሚወስነው ከዚህ ነው። «እንግሊዝኛ» ከተባለ የእንግሊዝኛውን ድምፅ ይጠራል፤ ያ ድምፅ ፊደላችንን ስለማያውቅ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ያልፋል። አድማጩም ባዶ ገጽ የከፈተ ይመስለዋል።

በገጽ መሥሪያዎ አጠቃላይ ማስተካከያ ውስጥ የቋንቋ ምርጫውን ፈልገው አማርኛን ይምረጡ። ኮዱን ራስዎ የሚጽፉ ከሆነ የ«ኤችቲኤምኤል» መክፈቻ ታግ ላይ «ላንግ» ለተባለው መለያ የአማርኛን ምልክት፣ ማለትም «ኤ» እና «ኤም» የተባሉትን ሁለት የላቲን ፊደላት ይስጡት። በመሃል ረዘም ያለ የእንግሊዝኛ አንቀጽ ካለ ያ አንቀጽ ብቻ ለይቶ እንግሊዝኛ ይባል።

ደረጃ 3፦ ፊደሉን ለፊደላችን ጠባይ ያስተካክሉ

ለላቲን ፊደል የተበጀ መጠን ለእኛ አይበቃም። የአማርኛ ፊደል አናባቢውን የሚለየው በትንሽ ጭረት፣ በእግር መርዘም ወይም በአናት መሰበር ነው። «ይከፈላል» እና «ይከፍላል» የሚለያዩት በ«ፈ» እና በ«ፍ» ብቻ ነው፤ በዚያች ጭረት ግን ሰጪና ተቀባይ ይገለባበጣሉ። የትምህርት ቤት ክፍያ ማስታወቂያ ላይ ይህ ቀልድ አይደለም።

እንዲህ ያድርጉ፦

- መጠን። ዋናውን ጽሑፍ ከ18 እስከ 20 ፒክሰል ያድርጉ። ብዙ ገጾች የሚነሡት ከ16 ነው፤ ለላቲን ይሆናል፣ ለእኛ ያንሳል። መጠኑን በኮዱ ውስጥ በ«ሬም» ወይም በመቶኛ ይጻፉት፤ ተጠቃሚው በብራውዘሩ ላይ የመረጠው የፊደል መጠን የሚሠራው እንዲህ ሲሆን ነው።
- ፎንት። ቀጥ ያለና ወፍራም ቀጭን የማይል ጭረት ያለው ይምረጡ። «ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ» ነጻ ነው፤ የራሱ የሆነ ደማቅ ቅርጽም አለው። ይህ የሚጠቅመው ደማቅ ቅርጽ የሌለውን ፎንት ብራውዘሩ በግድ ሲያደምቀው የፊደሉ ቀዳዳዎች ስለሚደፈኑ ነው። ዳታ ውድ ስለሆነና ኔትወርኩም ስለሚንቀራፈፍ፣ ፎንቱ እስኪወርድ ድረስ ጽሑፉ በስልኩ ፎንት እንዲታይ ያድርጉ።
- የመስመር ርቀት። የፊደሉን ቁመት ከ1.6 እስከ 1.8 እጥፍ ያድርጉት። መስመሮች ሲጠጋጉ የላይኛው ፊደል እግር ከታችኛው አናት ጋር ይነካካል።
- የመስመር ርዝመት። በአንድ መስመር ከ45 እስከ 60 ፊደል ይበቃል። አጉልቶ የሚያነብ ሰው ረጅም መስመር ጨርሶ ወደ ቀጣዩ ሲመለስ መስመር ይስታል።
- አሰላለፍ። በግራ ብቻ ያሰልፉ። ግራና ቀኙን እኩል ለማድረግ ሲባል በቃላት መካከል የሚፈጠረው ያልተስተካከለ ክፍተት ለደከመ ዓይን እንቅፋት ነው።

*የተለመዱ ስሕተቶች፦* አጽንዖት ለመስጠት ፊደሉን ማጋደም። ፊደላችን በተፈጥሮው የተጋደመ ቅርጽ የለውም፤ ብራውዘሩ በግድ ያዘነብለውና ጭረቶቹ ይምታታሉ። ደማቁን ይጠቀሙ። ከሥር ማስመርም ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ መስመሩ የፊደሉን እግር ስለሚቆርጥ ከፊደሉ ዝቅ እንዲል ያድርጉት።

ደረጃ 4፦ ማጉላትን አይከልክሉ

ዕይታው የደከመ ሰው ገጽ ሲከፍት መጀመሪያ የሚያደርገው በሁለት ጣቱ ማጉላት ነው። አንዳንድ ገጾች ግን አይጎሉም። ምክንያቱ «ቪውፖርት» በተባለው የኮድ መስመር ላይ የገጽ ሠሪው የጻፈው ክልከላ ነው፤ «ዲዛይኑ እንዳይበላሽ» ተብሎ ይጻፋል። ይህን ክልከላ ያስጠፉ። ከፍተኛውን የማጉላት መጠን 1 ላይ የሚገድበውንም እንዲሁ ያስወግዱት።

ከዚያ ይሞክሩ። በኮምፒውተር ብራውዘር ገጹን መጀመሪያ ወደ 200 በመቶ፣ ቀጥሎ ወደ 400 በመቶ ያሳድጉ። ጽሑፉ ወደ ታች እየታጠፈ መቀጠል አለበት፤ አንዱን ዓረፍተ ነገር ለማንበብ ወደ ቀኝ መጎተት ካስፈለገ አልተስተካከለም። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ስፋታቸው በፒክሰል የተቆረጠ ሣጥኖች ናቸው፤ በመቶኛ ይቀይሯቸው።

ሌላው ተንሳፋፊ ነገር ነው። ሲጎላ ከላይ የተለጠፈው የስም ሰሌዳ፣ ከታች ደግሞ «ይደውሉልን» የሚለው ምልክት አብረው ይጎሉና ለጽሑፉ የሚተርፈው ሁለት መስመር ይሆናል። ተለጣፊዎቹን ያስለቅቁ።

ደረጃ 5፦ ቀለሙን በቁጥር ይለኩ

ለድረ ገጾች ተደራሽነት የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ በጽሑፉና በመደቡ መካከል ቢያንስ 4.5 ለ 1 ንፅፅር እንዲኖር ይጠይቃል፤ ለትልልቅ ርእሶች 3 ለ 1 ይበቃል። ጠንከር ያለው ደረጃ 7 ለ 1 ነው። እኛ ዘንድ 7ቱን ማለም ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም ሰው ስልኩን የሚያየው የሐራ ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ ብዙ ጊዜም በተሰነጠቀ ስክሪን ነው።

በዓይንዎ አይተማመኑ፤ መለኪያው ላይ ያስገቡት። ጥቂት ምሳሌ፦

- ጥቁር በነጭ 21 ለ 1 ነው።
- ቢጫ በነጭ ላይ 1.1 ለ 1 ገደማ ነው፤ የለም ማለት ይቻላል።
- ደማቅ ቀይ በነጭ ላይ 4 ለ 1 ነው፤ ለተራ ጽሑፍ አያልፍም። ጠቆር ያለ ቀይ ያልፋል።
- ደማቅ ቀይ በአረንጓዴ ላይ፣ እንደ አረንጓዴው ዓይነት፣ ከ1.3 ለ 1 በታች ሊወርድ ይችላል።

የመጨረሻው የሚመለከተን ነው። በበዓል ሰሞን ገጾቻችን በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ ይሞላሉ። ቀለሞቹን ለጌጥ ጠርዝ ላይ ያድርጓቸው፤ ጽሑፉን ግን ጥቁር በነጭ ወይም በቢጫ ላይ ይጻፉ። ጥቁር በቢጫ ከ19 ለ 1 በላይ ነው።

የዓይን ሞራ ያለበት ሰው ነጭ መደብ ስለሚያንጸባርቅበት ይቸገራል፤ አልቢኒዝም ያለባቸውም እንዲሁ። ስልካቸው ጨለማ ገጽታ ላይ ሲሆን ገጽዎም አብሮ እንዲጠቁር ቢያደርጉ ትልቅ እፎይታ ነው። የጠቆረውን ገጽታም እንደ ነጩ ይለኩት።

*የተለመደ ስሕተት፦* መልእክትን በቀለም ብቻ መናገር። «በቀይ የተጻፉት አላለፉም» የሚል ዝርዝር ቀይን ለማይለይ ሰውም፣ በጆሮው ለሚያነብም ምንም አይነግረውም። ከስሙ አጠገብ «አልፏል» ወይም «አላለፈም» ብለው ይጻፉ።

ደረጃ 6፦ ርእሶችን ርእስ ያድርጓቸው

የሚያይ ሰው ገጹን በዓይኑ ጠረግ አድርጎ የሚፈልገውን ርእስ ያገኛል። በጆሮ የሚያነብም ይህን ማድረግ ይችላል፤ ኤንቪዲኤ ላይ «ኤች» የተባለውን የላቲን ፊደል በተጫነ ቁጥር ከርእስ ወደ ርእስ ይዘላል። ቶክባክም ተመሳሳይ መንገድ አለው። ይህ የሚሠራው ግን ርእሱ በኮዱ ውስጥ ርእስ ተብሎ ከተመዘገበ ብቻ ነው።

አንድ መስመር ማጉላትና ማድመቅ ርእስ አያደርገውም። በወርድፕረስም ሆነ በሌላ መሥሪያ «ሄዲንግ» የሚለውን ይምረጡ። ደረጃውን ይጠብቁ፦ የገጹ ዋና ርእስ አንደኛ ደረጃ፣ ክፍሎቹ ሁለተኛ፣ የክፍል ክፍሎቹ ሦስተኛ። ለመልኩ ብለው ከአንደኛ ወደ አራተኛ አይዝለሉ። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ርእስን በፊደል ዓይነት መለየት አንችልም፤ ስለዚህ ከርእሱ በላይ ሰፋ ያለ ክፍተት መተው ለሚያይም ሰው ይጠቅማል።

ዋናውን ነገር ከላይ ያድርጉ። ግላኮማ የጎን ዕይታን ስለሚያጠፋ፣ በስክሪኑ ቀኝ ጥግ የተሰቀለ «አስቸኳይ ማስታወቂያ» ለዚያ አንባቢ የለም። ተያያዥ ነገሮች ይቀራረቡ፤ ስልክ ቁጥሩ ከስሙ፣ ዋጋው ከዕቃው አጠገብ ይሁን።

ደረጃ 7፦ ሊንክና ምስል ራሳቸውን ይግለጹ

ስክሪን ሪደር የሚጠቀም ሰው የገጹን ሊንኮች ብቻ በዝርዝር ማስነበብ ይችላል። ዝርዝሩ «እዚህ ይጫኑ፣ እዚህ ይጫኑ፣ ተጨማሪ ያንብቡ» ከሆነ ምን ይጠቅመዋል? ሊንኩ ላይ የሚሄድበትን ይጻፉ፦ «የ9ኛ ክፍል የምዝገባ ቅጽ፣ ፒዲኤፍ፣ 2 ሜጋባይት»። የፋይሉን መጠን መጻፍ ዳታ ለሚቆጥብ ሁሉ ውለታ ነው።

ምስል ሲጭኑ «አልት ቴክስት» የሚል ባዶ ቦታ ይመጣል። እዚያ የሚጻፈው ድምፁ የሚያነበው የምስሉ መግለጫ ነው። አንድ ወይም ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ራስዎን እንዲህ ይጠይቁ፦ ይህን ገጽ በስልክ ለወዳጄ ባነብለት ስለ ምስሉ ምን እለው ነበር?

- ደካማ መግለጫ፦ «ምስል 3»፣ «ፎቶ»፣ ወይም ካሜራው የሰጠው የቁጥር ስም።
- ጥሩ መግለጫ፦ «መጋዘናችን ከፊት ለፊት፤ ሰማያዊ በር፣ ከበሩ በስተቀኝ የጭነት መኪና መቆሚያ»። የሚመጣው ደንበኛ ሾፌሩን «ሰማያዊው በር ጋ» ሊለው ይችላል።

የአቅጣጫ ካርታ ከሆነ መንገዱን በቃል ይጻፉት፦ ከየት ተነሥቶ፣ በየት በኩል፣ ከምን አጠገብ። የምርት ወይም የዋጋ ግራፍ ከሆነ ቁጥሮቹ በሠንጠረዥ ከሥሩ ይውጡ። ለጌጥ ብቻ የገባ ሐረግ ወይም መስመር ግን መግለጫ አይፈልግም፤ ባዶ ይተዉት፣ ድምፁ ያልፈዋል።

ደረጃ 8፦ ቅጹንና ሠንጠረዡን ያስተካክሉ

ሰው ተስፋ ቆርጦ ገጹን የሚዘጋው ብዙውን ጊዜ ቅጽ ላይ ነው። «የአባት ስም» የሚለው ቃል ሣጥኑ ውስጥ በግራጫ ተጽፎ፣ መጻፍ ሲጀመር የሚጠፋ ከሆነ፣ አጉልቶ የሚያየው ሰው የት እንዳለ ይጠፋበታል። መጠሪያውን ከሣጥኑ በላይ በቋሚነት ይጻፉ፤ በኮዱም «ሌብል» በተባለው መለያ ከሣጥኑ ጋር ያገናኙት። ድምፁ «የአባት ስም፣ መጻፊያ» የሚለው ያን ጊዜ ነው።

ስሕተት ሲፈጠር ሣጥኑን ቀይ ማድረግ አይበቃም። «ስልክ ቁጥሩ 10 አሃዝ መሆን አለበት፤ እርስዎ 9 ጽፈዋል» ብሎ በቃላት ይናገር። ቀን የሚመረጥበት ሣጥን ካለ በእጅ መጻፍም ይፈቀድ፤ የኢትዮጵያ ይሁን የፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑም በመጠሪያው ላይ ይነገር። «ሮቦት አለመሆንዎን ያረጋግጡ» ብሎ የተጣመመ ፊደል የሚያሳይ ሣጥን ለዓይነ ስውር የተዘጋ በር ነው፤ ያንሱት፣ ወይም በስልክ መልእክት በሚላክ ኮድ ይተኩት። ኮዱን ለማስገባት የሚሰጠው ጊዜም በጆሮ እየሰማ ለሚጽፍ ሰው የሚበቃ ይሁን።

ሠንጠረዥ የመጀመሪያው ረድፍ ርእስ መሆኑ በኮዱ ካልተነገረው፣ ድምፁ ቁጥር ብቻ ይደረድራል። ከተነገረው ግን በሠንጠረዡ ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ሰው በየሣጥኑ «ጤፍ» እና «የኩንታል ዋጋ» የሚለውን ከቁጥሩ ጋር ይሰማል። አንድ ሣጥን ለሁለትና ለሦስት ረድፍ አያዋሕዱ። ገጹን ለማሳመር ብቻ ሠንጠረዥ አይጠቀሙ።

ደረጃ 9፦ ለጆሮም ይጻፉ

የአማርኛ ድምፆች ገና ብዙ ይሳሳታሉ። ግማሹን ስሕተት ግን የምንፈጥረው እኛ በአጻጻፋችን ነው።

- አራት ነጥብን ሁለት ጊዜ ኮለን (::) በመምታት አይጻፉ፤ ድምፁ ምልክቱን ሊጠራው ወይም ሳያርፍ ሊያልፍ ይችላል። ትክክለኛውን «።» ይጠቀሙ፤ ዕረፍቱን የሚወስነው እርሱ ነው።
- «ት/ቤት»፣ «መ/ቤት»፣ «ጽ/ቤት» ከማለት «ትምህርት ቤት»፣ «መሥሪያ ቤት»፣ «ጽሕፈት ቤት» ይበሉ። አንዳንድ ድምፅ እዝባሩን (/) ሳይቀር ይጠራዋል።
- «12/05/2018» ከማለት «ጥር 12 ቀን 2018» ይጻፉ። የመጀመሪያው አጻጻፍ ለሚያይ ሰውም የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አይነግረውም።
- ሰዓትን «ከጠዋቱ 2:30» ብለው ከክፍለ ቀኑ ጋር ይጻፉ።
- የግእዝ ቁጥሮች ያምራሉ፤ ለዋጋ፣ ለቀንና ለስልክ ግን የተለመዱትን አሃዞች ይጠቀሙ።
- ዓረፍተ ነገሩን ያሳጥሩት። የሚያይ ሰው ረጅሙን ተመልሶ ያነበዋል፤ የሚሰማ ሰው ግን እንደገና ከመጀመሪያው ማስነበብ አለበት።

ደረጃ 10፦ ይፈትኑ፣ ያስፈትኑ

በመጀመሪያ ራስዎ ይሞክሩት። ቶክባክን ከመክፈትዎ በፊት እንዴት እንደሚዘጋ ይወቁ፤ ሲከፈት የስልኩ አነካክ ይለወጣል። አንድ ጊዜ መንካት ይመርጣል፣ ሁለት ጊዜ በፍጥነት መንካት ይከፍታል፣ ጣትን ወደ ቀኝ ማንሸራተት ወደሚቀጥለው ይወስዳል፣ ወደ ታች ለመውረድ ሁለት ጣት ያስፈልጋል። ስክሪኑን በጨርቅ ሸፍነው አንድ ሥራ ለራስዎ ይስጡ፦ ስልክ ቁጥሩን ፈልጎ ማግኘት፣ ወይም ቅጹን ሞልቶ መላክ። የት እንደጠፋብዎት ይመዝግቡ።

ይህ ግን የመጨረሻው ፈተና አይደለም። እርስዎ የገጹን መልክ በቃልዎ ያውቁታል፤ እንግዳው አያውቀውም። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ሰዎችን ያስፈትኑ፦ አንድ ስክሪን ሪደር የሚጠቀም፣ አንድ ደግሞ አጉልቶ የሚያነብ። ሰው ለማግኘት ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ያሉበትን ትምህርት ቤት ወይም ዩኒቨርሲቲ፣ ወይም የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበርን ይጠይቁ። ሥራ ነውና ለጊዜያቸው ይክፈሉ።

«ገጹ ተመቸዎት ወይ?» ብለው አይጠይቁ፤ በይሉኝታ «ደህና ነው» ይባላሉ። ሥራ ይስጡ፦ «ጋሼ፣ እስኪ ምዝገባው የሚያበቃበትን ቀን ፈልገው ይንገሩኝ።» ከዚያ ዝም ብለው ይመልከቱ። ጣታቸው የቆመበትን፣ ወደ ኋላ የተመለሱበትን፣ ስልኩን ወደ ዓይናቸው ያስጠጉበትን ቦታ ይጻፉ። አይጠቁሙ፤ ጠቁመው ካሳዩ የፈተኑት ገጹን ሳይሆን ትዕግሥታቸውን ነው።

*የተለመደ ስሕተት፦* «ሁሉንም በአንድ ቁልፍ ያስተካክላል» የሚባል ተጨማሪ መሣሪያ ገጹ ላይ ሰክቶ መተው። ሥዕል የሆነን ደብዳቤ ጽሑፍ አያደርግም፤ አንዳንዴም ተጠቃሚው ከለመደው ስክሪን ሪደር ጋር ይጋጫል።

ጊዜ ካጠረዎት በዚህ ቅደም ተከተል ይሥሩ

ያለዎት አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ከሆነ ደረጃ 1፣ 2 እና 4ን ይሥሩ። እነዚህ ሳይሠሩ አንዳንዱ ሰው ገጹን ጭራሽ ማንበብ አይችልም። በሚቀጥለው ሳምንት ቀለሙን፣ የፊደሉን መጠንና ርእሶቹን ያስተካክሉ። ቅጽ ካለዎት ከምስል መግለጫዎቹ በፊት ቅጹን ያስቀድሙ፤ ፎቶ ያላየ ሰው ፎቶ ብቻ ነው የሚያመልጠው፣ ቅጽ ያልሞላ ሰው ግን ምዝገባው ያመልጠዋል።

የተስተካከለ ገጽ በሚቀጥለው ማስታወቂያ ተመልሶ ሊበላሽ ስለሚችል፣ የሚለጥፈው ሠራተኛ ሦስት ጥያቄዎችን ጠረጴዛው ላይ ጽፎ ያስቀምጥ፦ ጽሑፉ ይመረጣል? ርእሱ ርእስ ተብሎ ተመዝግቧል? ሊንኩ የሚሄድበትን ይናገራል? በመጨረሻም በገጹ ግርጌ፣ በጽሑፍ፣ «ይህን ገጽ ማንበብ ከተቸገሩ ይደውሉ» ብለው ቁጥር ያስቀምጡ፤ ስልኩን የሚያነሣውም ሰው ችግሩን መዝግቦ ለገጹ ሠሪ እንዲያደርስ ይንገሩት።